በትሩን ማስቀመጥ

ኤፕሪል 19 ቀን 1942 በርሊን ውስጥ የተቀረጸ አጭር ፊልም አለ (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ወደ ማብቂያው ደርሷል። አዳራሹ ውስጥ የስዋስቲካ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ከአድማጮቹ መካከል የወታደር ልብስ የለበሱ ብዙ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭንና ራሰ በራ የሆነ ሰው መላ አካሉ እየተንቀጠቀጠ ኦርኬስትራውንና መዘምራኑን ወደ መጨረሻው ድምፅ ያጣድፋቸዋል። ጭብጨባው ሲያስተጋባ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ መድረኩ ይጠጋና እጁን ይዘረጋል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ይጨብጠዋል። ከዚያ መሐረቡን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያዘዋውር ይታያል። የሚቀጥለው ቀን የሂትለር ልደት ነው።

ሰውየው ቪልሄልም ፉርትቬንግለር ነው። ወዳጆቹ «መሐረቡን ተመልከቱ፤ የጎብልስን እጅ ከእጁ ላይ እየጠረገ ነው» ይላሉ። የማይወዱት ደግሞ «ከአንድ ሰዓት በላይ የለፋ ሰው ያልበዋል» ብለው ይመልሳሉ። ፊልሙን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ መሐረቡ ለእኔ ምንም አልነገረኝም። የሚገርመኝ ከሰማንያ ዓመት በኋላም የአንድን ሰው ነፍስ በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ለመመዘን መሞከራችን ነው።

ክርክሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ከአገር ውጭ በምንኖር ሰዎች መካከል «እሱ እኮ እዚያው ቀርቶ አገለገላቸው» ወይም «እሷ እኮ ጥላ ሄደች» ያልተባለበት የቡና ጨዋታ ጥቂት ነው። በደርግ ዘመን ለአብዮት በዓል የዘፈነ፣ ከዚያም በኋላ በሌላ መንግሥት መድረክ ላይ የቆመ ድምፃዊ ወደምንኖርበት ከተማ ሲመጣ፣ ከአዳራሹ በር ላይ መፈክር የያዘ ሰው፣ ከውስጥ ደግሞ እየዘፈነ የሚያለቅስ ሰው አይጠፋም። አንዳንዴ ሁለቱ ከአንድ ቤት የመጡ ናቸው።

የፉርትቬንግለርን ጉዳይ ከሌሎች የሚለየው ሙያው ነው። የኦርኬስትራ መሪ በመድረኩ ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ድምፅ የማያወጣ ብቸኛው ሰው ነው። ባለቅኔ ክፉ ዘመን ሲመጣ ግጥሙን ጽፎ ከፍራሽ ሥር ይደብቃል። ሠዓሊ በሩን ዘግቶ ይሥላል። ኮንዳክተር ግን ከመቶ ያላነሱ ሙያተኞች፣ የሚሞቅ አዳራሽ፣ በየወሩ የሚከፈል ደመወዝና ትኬት የቆረጠ ሕዝብ ከሌለው ባዶ አየር የሚቀዝፍ ሰው ነው። ሙዚቃው መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ፉርትቬንግለር በ1922፣ በ36 ዓመቱ፣ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን ተረከበ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኦርኬስትራው በዕዳ ተውጦ ነበርና የጎብልስ ሚኒስቴር በእጁ አስገባው። ከዚያ በኋላ መሶቡ የማን እንደሆነ ግልጽ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሰውየው ዝም አላለም። በኤፕሪል 1933 ለጎብልስ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ በጋዜጣ አወጣ፤ እሱ የሚያውቀው መለያ ጥሩና መጥፎ ጥበብ የሚለውን ብቻ መሆኑን ገልጾ እንደ ብሩኖ ቫልተርና ኦቶ ክሌምፐረር ላሉት አይሁድ መሪዎች ተከራከረ። በኖቬምበር 1934 ደግሞ አገዛዙ ጥርሱን ለነከሰበት ለሙዚቃ ደራሲው ለፓውል ሂንደሚት በጋዜጣ ቆመለት። የጠቡ ምክንያት «ሠዓሊው ማቲስ» የተባለው የሂንደሚት ኦፔራ ነበር። ታሪኩ፣ እንደ ትንቢት፣ ገበሬዎች ሲያምፁ «ሥዕል ምን ይረባል?» ብሎ ሥራውን ጥሎ ስለወጣ ሠዓሊ ነው። መንግሥት ፈቃድ ከለከለው። በዲሴምበር ፉርትቬንግለር ከፊልሃርሞኒኩም፣ ከበርሊን መንግሥታዊ ኦፔራም፣ ከሙዚቃ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትነትም ሥልጣኑን ለቀቀ።

በዚያው ወር፣ ከዚያው ኦፔራ ቤት፣ ሌላ መሪም ለቀቀ። ኤሪክ ክላይበር የቪየና ሰው ነው፤ አይሁድ አልነበረም፤ ማንም ሂድ አላለውም። ከ1923 ጀምሮ የኦፔራ ቤቱ ዋና የሙዚቃ ኃላፊ ሆኖ በ1925 የአልባን ቤርግን «ቮትሴክ» ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ ያበቃው እሱ ነው። በኖቬምበር መጨረሻ አገዛዙ የማይወደውን የቤርግን አዲስ ሥራ አሰማ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ መልቀቂያውን አስገባ። ከዚያ ቤተሰቡን ይዞ ጀርመንን ትቶ ወጣ፤ ኋላም ቦነስ አይረስ ተቀመጠ። በርሊን ውስጥ ካርል ተብሎ የተወለደው ልጁ እዚያ ካርሎስ ሆነ። የስደት ልጅ ስም እንዴት እንደሚለወጥ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያ ካርሎስ ክላይበር በኋላ ራሱ ከዘመኑ ታላላቅ መሪዎች አንዱ ሆኗል።

ፉርትቬንግለርስ? አምስት ወር ገደማ አልመራም። ጽሑፉ ስለ ሙዚቃ ብቻ እንደነበረ፣ የአገሪቱን የባህል ፖሊሲ የሚወስነው ሂትለር መሆኑን እንደሚቀበል ካስታወቀ በኋላ በኤፕሪል 1935 ወደ ፊልሃርሞኒኩ ተመለሰ። የበርሊን ሕዝብ በጭብጨባ ተቀበለው።

ስለ እሱ የሚጻፈው አብዛኛው «ለምን አልሄደም?» የሚል ነው። እኔ ግን ባለመሄዱ አልፈርድበትም። መሄድ ለሁሉም እኩል የተከፈተ በር አይደለም፤ አንዱ በአውሮፕላን፣ ሌላው በሰሐራ በኩል እንደሚወጣ እናውቃለን። ስለ ጽናት ሲነሣ የሚጠቀሰው አርቱሮ ቶስካኒኒ ነው። በ1931 ቦሎኛ ውስጥ የፋሽስቱን መዝሙር አላሰማም በማለቱ በጥቁር ሸሚዞች በጥፊ ተመታ። ያ ፋሽዝም ከአራት ዓመት በኋላ በአገራችን ላይ በመርዝ ጋዝ የዘመተው ነውና ጥፊው ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቶስካኒኒን አከብረዋለሁ። ቢሆንም ዓለም ሁሉ የሚጠብቀው፣ ኒውዮርክ ላይ ኦርኬስትራ የነበረው ሰው ነበር። ከቫዮሊን ረድፍ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ወዴት ይሂድ?

በመሄድና በማገልገል መካከል ግን ሦስተኛ ነገር ነበር፤ እሱም በትሩን ማስቀመጥ። ይህንን እኔ በምቾት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የፈለሰፍኩት አይደለም። ፉርትቬንግለር ራሱ ለአምስት ወር አድርጎታል። ክብሩንና ደመወዙን አጣ እንጂ አልታሰረም፤ አልተገረፈም። ሳይመራ ጀርመን ውስጥ መኖር እንደሚቻል ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር።

የዚህን ክብደት የተረዳሁት ሌላ የኦርኬስትራ መሪ ሳስብ ነው። አልማ ሮዜ የጉስታቭ ማህለር የእኅት ልጅ ናት፤ አባቷ የቪየና ፊልሃርሞኒክን የቫዮሊን ረድፍ ለአሥርተ ዓመታት የመሩት አርኖልድ ሮዜ ናቸው። በ1943 ወደ ኦሽዊትዝ ተወሰደች፤ በቢርከናው የሴቶች እስረኞችን ኦርኬስትራ መራች። እስረኞች ለጉልበት ሥራ ሲወጡና ሲገቡ ማርሽ ይመቱ ነበር፤ ገዳዮቹ ሲያሻቸው መጥተው ያዳምጣሉ። አልማ ኦርኬስትራው በደንብ እንዲጫወት በጭካኔ እስከመባል አጥብቃ ትሠራ ነበር፤ ጥሩ ካልተጫወቱ ምን እንደሚጠብቃቸው ታውቃለችና። በኤፕሪል 1944 እዚያው ሞተች። ከልጆቹ ግን አብዛኞቹ ተረፉ። ለነፍሰ ገዳይ ሙዚቃ ማሰማት በሥራነቱ ብቻ ቢመዘን የእሷና የፉርትቬንግለር አንድ ይሆናል። አንድ የማይሆነው ማቆም ምን ያስከፍላል ብለን ስንጠይቅ ነው። እሷ ብታቆም በሞት ትከፍላለች፤ ያውም ብቻዋን አይደለም። እሱ ግን የማቆምን ዋጋ በ1934 ከፍሎ አይቶታል።

እዚህ ላይ የእኔም ሐሳብ እንቅፋት እንደሚገጥመው መደበቅ አልፈልግም። ፉርትቬንግለር የናዚ ፓርቲ አባል ሆኖ አያውቅም። ሥልጣን ላይ ያሉትን እየለመነና እየተሟገተ የረዳቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አይሁድ የነበሩት የኦርኬስትራው አባላት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጥተው አልቀዋል፤ ነገር ግን በአንድ ወላጃቸው አይሁድ የሆኑና አይሁድ ሚስቶች የነበሯቸው ጥቂት ሙያተኞች እስከ ጦርነቱ ማብቂያ እዚያው ቆይተዋል። ከነሱ በላይ ያጠላው የእሱ ስም ነበር። በትሩን ቢያስቀምጥ እነዚያን ሰዎች ማን ይከላከልላቸው ነበር? መልስ የለኝም። ደግሞ የመከላከል ጉልበቱ ከየት መጣ? ለጎብልስ ጠቃሚ በመሆኑ። ባገለገለ ቁጥር ይሰሙታል፤ በሰሙት ቁጥር አንድ ሰው ያድናል፤ ለማዳን ደግሞ ማገልገሉን መቀጠል አለበት። ክፉ አገዛዝ ደግ ሰዎችን የሚይዝበት ወጥመድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በክፋታቸው ሳይሆን በደግነታቸው ያስራቸዋል። የዳነው ሰው ስም አለው፤ ሚዛን ላይ ይቀመጣል። በዚያ ሙዚቃ ለአገዛዙ የተሰጠው ክብር ግን የማንን ሞት እንዳቀለለ ማንም ቆጥሮ አይደርስበትም።

በዲሴምበር 1946 ከናዚነት ማጣሪያ ጉባኤ ፊት ሲቀርብ የተከላከለው ሕዝቡን በመከራው ሰዓት መተው እንደማይችል፣ ቤትሆቨን ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልገው በሽብር ሥር ለሚኖር ሰው እንደሆነ በመናገር ነበር። ነፃ ነህ ተባለ። የክርክሩ የመጀመሪያ ክፍል ያሳምነኛል፤ ያ አዳራሽ ለአንዳንድ ሰው የመጨረሻው መተንፈሻ እንደነበር አልጠራጠርም። ሁለተኛው ላይ ግን እቆማለሁ። ከኖቬምበር 1938 ጀምሮ አይሁድ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ እንዳይገቡ በአዋጅ ተከልክለዋል። በሽብር ሥር የሚኖር ሰው ከተባለ፣ ከእነሱ የበለጠ ማን ነበር? ዘጠነኛው ሲምፎኒ የሚጠናቀቀው ስለ ሰው ልጆች ወንድማማችነት በሚዘምር መዝሙር ነው። በዚያች በ1942 ምሽት ትኬት የመቁረጥ መብት ያልነበረው ማን እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ መሪውም ያውቃል።

ከጦርነቱ በኋላ የቺካጎ ሲምፎኒ ሊጋብዘው ሲል እንደ ሆሮዊትዝና ሩቢንስታይን ያሉ ታላላቅ ፒያኖ ተጫዋቾች እሱ ባለበት አንጫወትም አሉ፤ ግብዣው ቀረ። አይሁዳዊው ቫዮሊኒስት ዬሁዲ ሜኑሂን ግን በ1947 በርሊን ድረስ ሄዶ አብሮት ተጫወተ፤ በዚህም ተወገዘ። ማን ነው ትክክል ስባል ሁለቱም እላለሁ፤ ይህን የምለው ለማስታረቅ አይደለም። «ነፃ ነህ» ማለት የዳኛ ሥራ ነው። የተበደለ ሰው ግን ዳኛ ነፃ ያወጣውን ሁሉ ቁጭ ብሎ የማዳመጥ ግዴታ የለበትም። ላዳምጥ ያለውንም ሌላው ከሃዲ ሊለው አይገባም። ከየአዳራሹ በር ላይ በምናደርገው ጠብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠፋብን ይህ ልዩነት ይመስለኛል። አልሰማህም ማለትና አትዘፍንም ማለት አንድ አይደሉም።

ፉርትቬንግለር በ1954 ሞተ፤ ኦርኬስትራውን የወረሰው የፓርቲ መታወቂያ የነበረው ሄርበርት ፎን ካራያን ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያሾፋል።

ክላይበር ግን ወደ በርሊን የሚመለስበት ዕድል አገኘ። በጦርነቱ የፈረሰው የቀድሞ ኦፔራ ቤቱ በምሥራቅ በርሊን እንደገና ተሠርቶ ሲያልቅ እንዲመራው ተጠራና ተስማማ። በ1955 መጀመሪያ ላይ፣ ቤቱን ያሠራው ንጉሥ ፍሬድሪክ ለአፖሎና ለጥበባት ያበረከተው መሆኑን የሚናገረው የላቲን ጽሑፍ ከሕንጻው ግንባር ላይ በባለሥልጣናቱ ትእዛዝ ተነሣ። ክላይበር ይህን ፖለቲካ ወደ ቤቱ ዘልቆ ለመግባቱ ምልክት አድርጎ ወሰደውና መልቀቂያውን ጻፈ። በግድግዳ ጽሑፍ የተነሣ ሃያ ዓመት የራቀበትን ቤት እንዴት ይተዋል ብለው የተገረሙበት ነበሩ። በሴፕቴምበር ኦፔራ ቤቱ ሲከፈት ከኦርኬስትራው ፊት የቆመው ሌላ ሰው ነበር። ክላይበር በጃንዋሪ 1956 ዙሪክ ውስጥ ሞተ።