ምንም አላደረግናትም

የወላጆች ስብሰባው አጀንዳ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዝግጅትና የክፍያ ጭማሪ ነበር። ሁለቱም ካለቁ በኋላ ሰብሳቢው “ሌላ ሐሳብ ያለው?” ሲል አንዲት እናት እጇን አወጣች። ልጇ ሰባተኛ ክፍል ናት። ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት ይዛ መመለስ ከጀመረች ሰነባብታለች። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አብረዋት ሲበሉ የኖሩ አራት ልጆች አንድ ቀን የሚቀመጡበትን ቦታ ቀየሩ፤ ፈልጋ ስታገኛቸው ደግመው ቀየሩ። አምስት ሆነው የከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ጭር አለ፤ ለካ ያለ እሷ ሌላ ተከፍቶ ኖሯል። እናትየው የጠየቀችው ትምህርት ቤቱ ማንም ልጅ ብቻዋን እንዳትበላ ደንብ እንዲያወጣ፣ የልደት ጥሪም ከተጠራ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ እንዲሆን ነው።

ከኋላ ሌላ እናት ተነሳች። “ልጄን ምን አጠፋሽ ልበላት? አልሰደበቻት፣ አልመታቻት። የምትወዳትን መምረጥ ወንጀል ሆነ እንዴ?” አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ስለ ጭካኔ፣ ሌላው ስለ ነፃነት ጮኸ። ሰብሳቢው “የልጆች ጠብ ነው፣ ነገ ይታረቃሉ” ብሎ ዘጋው። እኔን ያብሰለሰለኝ ይህ የመጨረሻው ቃል ነው፤ ጠብ አልነበረማ። ጠብ ቢሆን ኖሮ እርቅ ይኖረው ነበር።

በስብሰባው የተገኘሁት በእህቴ ፈንታ ነው። የእህቴ ልጅ ከአራቱ አንዷ ናት። ማታ ለብቻችን ስንሆን ጠየቅኋት። “አክስቴ፣ እማዬ ትሙት ምንም አላደረግናትም” አለችኝ። አልዋሸችኝም። ቦታ አልያዙላትም፣ ስትጠይቅ አልመለሱላትም፣ ስትመጣ ዝም አሉ። አንድም ነገር አላደረጉም። ምንም አለማድረግ በደል የሚሆነው መቼ ነው?

ስንወቅስ የለመድነው ድርጊትን ነው። ቡጢ ሰዓትና ቦታ አለው፤ ስድብ ምስክር አለው፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ሊይዝበት ይችላል። መተው ግን እዚህ ጋ ጀመረ ብሎ የሚመሰክርበት የለም። ተመራማሪዎችም ሴት ልጆች ጥቃት አይወዱም ሲሉ የኖሩት የሚቆጥሩት ምትና ዛቻን ስለነበር ነው። ኒኪ ክሪክና ጄኒፈር ግሮትፒተር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ማግለልን፣ ወዳጅነት መንፈግንና ወሬ መንዛትን ቆጠራው ውስጥ ሲያስገቡ ውጤቱ ሌላ ሆነ፤ በዚህ መንገድ ሌላውን የሚጎዱት ይበልጥ ሴቶቹ ሆነው ተገኙ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ልዩነቱን እጅግ አጥብበውታል፤ ወንዶቹም ያውቁበታል። ስለዚህ አንድ አባት በስብሰባው ላይ ያጉተመተሙትን፣ “ሴት ልጅ ድሮም እንዲህ ናት” የሚለውን፣ እዚሁ ትቼው አልፋለሁ።

የሁለተኛዋን እናት ክርክር ግን እንዲህ ማለፍ አይቻልም፤ እውነት አለበት። አርስቶትል በኒኮማኮሳዊ ሥነ ምግባር ከአሥሩ መጻሕፍት ሁለቱን ለወዳጅነት ሰጥቷል፤ እዚያ ከደረሰባቸው ነገሮች አንዱ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የልብ ወዳጅ መሆን እንደማይቻል ነው። ወዳጅነት አብሮ መዋልን ይፈልጋል፤ ከአንዱ ጋር እየሳቁ በዚያው ሰዓት ከሌላው ጋር ማዘን ይከብዳል። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የክፍሏን ልጆች በሙሉ እኩል ትውደድ ማለት አንዷንም አትውደድ ማለት ነው። ምርጫ ባለበት ያልተመረጠ አለ። ይህን ራሱን በደል ካልነው ወዳጅነትን ከሥሩ መኮነናችን ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት መልስ ሲ. ኤስ. ልዊስ እ.ኤ.አ. በ1944 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ለተማሪዎች ካደረገው ንግግር የወሰድኩት ነው። ልዊስ ሁለት ዓይነት ክበብ ይለያል። አንደኛው የሚወዱትን ነገር አብረው ለማድረግ የተገናኙ ሰዎች ክበብ ነው። ሌላው ሰው ውጭ መቅረቱ ማንም ያላሰበው ነገር ነው፤ ቢገባም የሚፈርስ የለም። ሁለተኛው ግን ውጭ የሚቀር ሰው ከሌለ ጣዕሙን የሚያጣ ክበብ ነው፤ ሁሉም የሚገባበት ከሆነ ማንም አይፈልገውም። ከሩቅ ለሚያያቸው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው የተቀመጡ አራት ልጆች ናቸው።

መለያው ታዲያ ይህ መሰለኝ፦ የሌለችውን ልጅ ፈጽመው ቢረሷት የሚያወሩት ይቀራቸዋል? በዚያ ሰሞን አራቱ ልጆች እህቴ ቤት ሲሰባሰቡ ጆሮዬን ሰጠሁ። የሚያወሩት ስለ እሷ ነበር፤ ምን እንደለበሰች፣ ቲክቶክ ላይ ለማን ላይክ እንዳደረገች፣ ከማን ጋር ወደ ቤት እንደሄደች። ከምሳ ያስወጧት ልጅ በወሬያቸው መሀል ቁጭ ብላለች። አንዷ ስለ እሷ አዲስ ነገር ባመጣች ቁጥር ሌሎቹ ጠጋ ይላሉ፤ በሌላ ጨዋታ እንደዚያ ሲጠጋጉ አላየሁም። ሲመሽም ቀድማ “ልሂድ” የምትል ጠፋች። የሄደችዋ እንደምትታማ አራቱም ያውቃሉ። ይህ ከሁለተኛው ዓይነት ክበብ ካልሆነ የቱ ሊሆን ነው ብዬ ነገሩን የጨረስኩት መሰለኝ።

አላለቀም። ለተገለለችው ልጅ የሌሎቹ ልብ ውስጥ ያለው ሐሳብ ምን ያደርግላታል? ኪፕሊንግ ዊልያምስ የሚባል የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ቀን ፓርክ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች የሚቀባበሉት ፍሪስቢ አጠገቡ ወደቀ። አንስቶ ወረወረላቸው፤ እነሱም መልሰው ወረወሩለት። ጥቂት ለሦስት ሲቀባበሉ ቆይተው ወደ እሱ መወርወሩን አቆሙ። ሰዎቹን አያውቃቸውም፣ ዳግመኛም አያገኛቸውም፤ ሆኖም ክፉኛ ከፋው። ከዚያ ተነስቶ ሳይበርቦል የተባለውን የኮምፒውተር ቅብብል ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ኳሷን የሚከለክላቸው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር መሆኑ አስቀድሞ የተነገራቸው ተሳታፊዎች እንኳ መገለሉ ተሰምቷቸዋል። ማሽን አይጠላም፣ አያማም፣ በውስጠኛነቱ አይኮራም። ሕመሙ ግን ይመጣል።

እንግዲህ የልዊስ ልዩነት የሚኖረው በውስጠኞቹ ልብ ብቻ ነው፤ ውጭ ላለችው ልጅ አይደርሳትም። አራቱ በንጹሕ ፍቅር ተጠምደው ቢረሷት ኖሮም ምሳ ዕቃዋ እንደተዘጋ ይመለስ ነበር። ለዚህ ቀላል መልስ አለ፦ ሳያስበው ሰው የገጨና ሆን ብሎ የገጨ ሹፌር የሚሰብሩት አጥንት አንድ ነው፤ ፍርድ ቤት ግን ይለያቸዋል። ጉዳትና ጥፋት ለየቅል ናቸው። መልሱ ትክክል ነው፤ ሆኖም አላሳረፈኝም። ሹፌሩ ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው ራሱ ያውቃል። የእህቴ ልጅ ግን አታውቅም። ሦስቱን ጓደኞቿን ከልቧ ትወዳለች፤ አንዷ ስትታመም ከአልጋዋ አጠገብ አልነቃነቅ ብላለች። ደግሞም ከእነሱ ጋር በመታየቷ ትኮራለች። ያቺን ልጅ ከምሳ ያስነሳት ፍቅሩ ነው ኩራቱ? በዚህ ዕድሜ ሁለቱ አንድ ላይ ይበቅላሉ፤ አዋቂዎቹስ ብንሆን ለይተን ነቅለን የት እናውቃለን? ልዩነቱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ማንም በእርግጠኝነት ሊያነበው የማይችል ከሆነ፣ አንዲት ሴት ልጅ ሌሊት ራሷን ለመመርመር ይጠቅማት ይሆናል እንጂ መምህርት ደንብ አታወጣበትም።

ስለዚህ ልብን ትቼ ቦታን ያዝኩ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት የሙአለ ሕፃናት መምህርት የነበረችው ቪቪያን ፔሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመችው መጽሐፍ አንዲት አጭር ደንብ ስለማውጣቷ የሚተርክ ነው፤ ማንም ልጅ ሌላውን “አትጫወትም” ማለት አይችልም። ወዳጅነትን አላዘዘችም፤ ያዘዘችው የጨዋታው በር እንዳይዘጋ ነው። ክፍሉ የሁሉም ነው፣ ጨዋታውም እንዲሁ። በእኛ ልማድ ደግሞ ማዕድ ከጨዋታም ይቀድማል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብለን ያደግን ሰዎች ነን። የአንዷ ፓስታ፣ የሌላዋ ፍርፍር መሀል ላይ ተቀምጦ አምስት እጅ በሚዘረጋበት ምሳ፣ አንድን እጅ መከልከል ጓደኛ ከመምረጥ የከበደ ነገር ነው። ልብሽን ለምትወጂያት ስጪ፤ ምሳውን ግን አትዝጊ።

ፔሊ ደንቡን ከማጽናቷ በፊት እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ዞራ ጠይቃለች። ፍትሐዊነቱን ብዙዎቹ ተቀበሉ፤ በእነሱ ዕድሜ መሥራቱን ግን ተጠራጠሩ። የልጆቹን ጥርጣሬ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጅ ካፌ አትቀጥርም፣ መኪና የላትም፣ ማታ አትወጣም። ወዳጅነቷ የሚኖረው ምሳ ላይ፣ በእረፍት ሰዓትና በስልክ ላይ ነው። እነዚህን ሁሉ “የሁሉም ናቸው” ካልን ወዳጅነቷን ከቤት አስወጣነው። ሃሪ ስታክ ሱሊቫን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እንደጻፈው፣ ልጅ የሌላውን ደስታ እንደ ራሱ ደስታ መቁጠር የሚጀምረው ወደ ጉርምስና ሊገባ ሲል ከአንድ የቅርብ ጓደኛ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ወዳጅነት ምስጢር ይፈልጋል። ሁለት ልጆች ጥግ ይዘው የሚንሾካሾኩት ሁልጊዜ ሌላውን ለማማት አይደለም፤ አንዷ የአባቷን መጠጣት እየነገረቻት ይሆናል። መምህርቷ መጥታ “ሌላም ልጅ አስገቡ” ብትላቸው ምን ማለቷ ነው?

ስለዚህ የቦታው ደንብ የሚይዝልኝ ግማሹን ብቻ ነው። ለክፍሉ የተከፈተ ግሩፕ፣ ለክፍሉ የተዘረጋ ምሳ አይዘጋም። ሁለት ልጆች ጥግ መያዛቸው ግን አይነካም። ልደትም እንዲሁ፤ ቤታቸው ያለው ወንበር ውስን የሆነ ወላጆች ክፍሉን በሙሉ እንዲጠሩ አይገደዱም። የመጀመሪያዋን እናት ልቤ ቢደግፋትም በዚህ አልከተላትም።

የቀረው ግማሽ “ነገ ይታረቃሉ” የሚለውን የሰብሳቢውን ቃል አስታወሰኝ። በእኛ ዘንድ ኩርፊያ ሥርዓት አለው። ያኮረፈች ልጅ ፊቷን ታዞራለች እንጂ ጆሮዋን አትደፍንም፤ “ምን ሆነሽ ነው?” እስክትባል ትጠብቃለች። ጎረቤት ይገባል፣ ትልቅ ሰው ያስቀምጣቸዋል፣ ሁለቱም የተቀየሙበትን ይናገራሉ፣ ካሣም ካለ ይካካሳሉ። ለዓመታት ወንድምና እህትን ያለያየ፣ ሰው የጎዳ ኩርፊያ አይቻለሁ፤ አላሞግሰውም። ነገር ግን አንድ ነገር አለበት፦ የተኮረፈው ሰው ጥፋቱን ያውቃል፣ ባያውቅም የመጠየቅ መብት አለው። ያኮረፈውም በኩርፊያው “ካንተ የምጠብቀው ነበረኝ” እያለ ነው። አራቱ ልጆች ያደረጉት ከዚህ ጋር አይገናኝም። የሚጠብቁት የለም፣ የሚጠይቃቸውም የለም፣ ሊያስታርቅ የሚገባ ሰው የሚይዘው ጫፍ የለውም። “ምን አጥፍታ ነው?” ብዬ የእህቴን ልጅ ስጠይቃት አሰብ አድርጋ “ምንም” አለችኝ።

እዚህ ላይ ይመስለኛል የበደሉን ቦታ ያገኘሁት፤ ካሰብኩት በጣም የጠበበ ቢሆንም። ያልተመረጠች ልጅ ከአራቱ የምትጠይቀው ዕዳ ላይኖር ይችላል። ገብታ ለነበረች፣ ሦስት ዓመት እጇን አብራ ለዘረጋች ልጅ ግን ዕዳ አለባቸው። ዕዳው አብሮ መቀጠል አይደለም፤ ወዳጅነት ይሞታል፣ መሞቱም ጥፋት አይሆንም። ዕዳው ቃል ነው። ሳይነግሯት ሲተዋት ምክንያቱን ራሷ ላይ ትፈልጋለች፤ በጸጉሯ፣ በምሳዋ፣ በአነጋገሯ፣ በእናቷ ቀሚስ። ፍለጋው ማቆሚያ የለውም፤ የሚገኝ ነገር የለማ።

“ታዲያ ‘ሰልችተሽን ነው’ ይበሏት? ይህ ከዝምታው አይብስም?” ብላ የምትቃወመኝ እህቴ ናት። ይብስ ይሆናል። ፊት ለፊት የመናገር ድፍረት ካገኙ በኋላ ጭካኔን እንደ ሐቀኝነት የሚቆጥሩ ልጆች አሉ፤ ያንን ማስተማር አልፈልግም። ሆኖም የእህቴ ልጅ ምክንያቱን ጮክ ብላ ለመናገር ስትሞክር ያላገኘችው ስለከበዳት ብቻ አልመሰለኝም። ምክንያት ሊሆን የሚችል ነገር ባለመኖሩም ነው። ለመናገር የሚያሳፍር ምክንያት ሲናገሩት የሚፈርስበት ጊዜ አለ፤ ሁልጊዜ አይደለም።

ሰብሳቢው ቢዘጋውም የመጀመሪያዋ እናት የጠየቀችውን ደንብ የሚያረቅ ኮሚቴ ኋላ ተቋቁሞ አሁን የወላጆችን ሐሳብ በጽሑፍ እየተቀበለ ነው። የልደቱ አንቀጽ ይውጣ፣ የምሳውና የክፍሉ ግሩፕ ይቆይ ብዬ ጽፌያለሁ። አንድም ጨምሬያለሁ፦ ልጅ አብራቸው በኖረቻቸው ጓደኞቿ ስትተው ስም ጠሪ መምህርቷ አንድ ጊዜ አብረው እንዲቀመጡ ታድርግ፤ እንድትመለስ ለማስገደድ ሳይሆን የሆነው ነገር በቃል እንዲነገር። ከመጀመሪያውም ጓደኛ ያልነበራት ልጅ በዚህ ውስጥ አልተካተተችም፤ ለእሷ የሚያስፈልጋት ሌላ ነው። ጄፍሪ ፓርከርና ስቲቨን አሸር እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳዩት በክፍሉ ልጆች ያልተወደደ ልጅም አንድ እውነተኛ ጓደኛ ሊኖረው ይችላል፤ ያ አንድ ሰውም ብቸኝነቱን ያቀልለታል። ይህን መምህርት በዴስክ አቀማመጥና ለሁለት በሚሰጥ የቤት ሥራ ልታግዘው ትችላለች እንጂ ደንብ አይፈጥረውም።

ሁለተኛዋ እናት ጽሑፌን አንብባ ደወለችልኝ። አብሮ ማስቀመጡ ልጇን ባልሠራችው ወንጀል ችሎት ፊት ማቆም ነው ትላለች። ችሎት እንዳይሆን ምን ማድረግ እንደሚቻል ስትጠይቀኝ ጥሩ መልስ አልነበረኝም፤ ሐሳቡን ግን ከኮሚቴው አላወጣሁትም።