ወደ ኋላ መመለስን ስለሚፈራ ኅሊና

አንባቢ ሆይ፥ በነጭ ልብስ ላይ የወደቀች የመጀመሪያዪቱ ነጠብጣብ ባለቤቱን ታሳዝነዋለች፤ ቶሎም ሊያጥባት ይሮጣል። ሁለተኛዪቱና ሦስተኛዪቱ ከተጨመሩ በኋላ ግን «አንዴ ከቈሸሸ ወዲያ» ይልና በዚያው ልብስ እንጨት ይሸከምበታል። የሰው ኅሊናም የሚበላሸው እንዲሁ ነው።

ይህን ነገር እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሼክስፒር «ማክቤዝ» በሚባለው ተውኔቱ አሳይቶናል፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ አማርኛ መልሰውታል። ማክቤዝ በእስኮትላንድ አገር ንጉሡን ደንከንን በታማኝነት የሚያገለግል ጀግና የጦር አለቃ ነበረ። ሦስት ጠንቋዮች ንጉሥ እንደሚሆን ነገሩት፤ ምኞትም በልቡ ገባ። ንጉሡ በቤቱ በእንግድነት ባደረ ሌሊት፥ በሚስቱ ጕትጎታ፥ ተኝቶ ሳለ ገደለው። «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ለሚለው መንገደኛ በሩን የሚከፍት የጋይንትና የእስቴ ሰው የዚህን በደል ክብደት ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከት። ሥራው እንዳይታወቅበት የንጉሡን ጠባቂዎች ገደለ። ወዳጁ ባንኮ ትንቢቱን ሰምቶ ነበርና እርሱንም አስገደለ። በመጨረሻም ምንም ያልበደሉትን የማክደፍን ሚስትና ልጆች አስፈጀ። ንጉሡን ሲገድል እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ለባንኮ ነፍሰ ገዳዮችን ቀጠረ፤ በሕፃናቱ ላይ ሲደርስ ግን ማመንታት እንኳ አልቀረለትም። ሚስቱም ደሙን ጥቂት ውኃ የሚያነጻው መስሏት ነበር፤ በኋላ ግን በእንቅልፍ ልቧ እየተነሣች የማይታይ ደም ከእጇ ስታጥብ ታየች።

ማክቤዝን ያጠፋው ክፉውንና ደጉን አለማወቁ ነውን? አይደለም፤ ከመግደሉ በፊት የሥራውን ክፋት አንድ በአንድ ለራሱ ቈጥሯል። የጠፋው ከመካከል ላይ በተሳሳተው ሒሳብ ነው። በደም ወንዝ ውስጥ ብዙ እንደ ገባና መመለስ ከመሻገር እንደማይቀል አሰበ። ነገር ግን በሽሎ በክረምት ሲሞላ ያየ የስማዳ ሰው፥ እስከ ወገቡ ገብቶ የተመለሰውን መንገደኛ ብልህ ይለዋል እንጂ ፈሪ አይለውም። ደግሞም የመመለስን ድካም የሚከፍለው በደለኛው ራሱ ነው፤ የመሻገሩን ዋጋ ግን የሚከፍሉት ሌሎች ናቸው። ማክቤዝ ይህን ሳያስብ ቀረ።

ከአገራችንም ምስክር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ እንደ ማክቤዝ በክፉ ምኞት አልጀመሩም፤ መሳፍንት የከፋፈሉትን አገር አንድ ሊያደርጉ፥ ሽፍትነትንና የባሪያ ንግድን ሊያስቀሩ ተነሡ እንጂ። ነገር ግን ዐመፅ ሲበዛ ቅጣቱ በዛ፤ ቅጣቱ ሲበዛም ዐመፁ ባሰ። በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘርፈው አቃጠሉ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ በጋፋት የተሠራውን ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን እያስጐተቱ፥ በጋይንት በኩል በጨጨሆ ወደ መቅደላ ሄዱ። ድንጋዩን በገዛ እጃቸው እያነሡ መንገድ አሠሩ፤ ነገር ግን ከኋላቸው በጌምድር ሸፍቶ ነበርና ያ መንገድ ወደ ፊት ብቻ የሚወስድ ነበረ። በመቅደላም ብዙ እስረኞችን ወደ ገደል አስወረወሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን አውሮፓውያኑን እስረኞች ፈቱ። ሚያዝያ 6 ቀን ነፍሳቸውን በእጃቸው አጠፉ። በጎ አሳብ ይዞ የጀመረ ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ሊጓዝ ከቻለ፥ «እኔስ አሳቤ ደግ ነው» ብሎ የሚታመን ማን ነው?

አንተ ግን ምናልባት በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ የምትኖር ጸሓፊ ወይም ነጋዴ ወይም ተማሪ እንጂ ንጉሥ አይደለህም ትለኝ ይሆናል። እንግዲያስ አንድ ጸሓፊ አስብ። የአንድን ባለጕዳይ መዝገብ ለማስቀደም ጥቂት ገንዘብ ተቀበለ። ይህ እንዳይታወቅ የመዝገቡን ቀን ፋቀ። መፋቁ በተመረመረ ጊዜ ደግሞ በድኻው ተላላኪ አሳበበ፤ ተላላኪውም ከነልጆቹ እንጀራውን አጣ። ጸሓፊው ገንዘቡን ሲቀበል ተላላኪውን ሊጐዳ አላሰበም ነበር። የወንዙ ማዶ የታየው ሲደርስበት ነው።

ንጉሥ ዳዊትም በኦርዮ ላይ እንዲሁ አድርጎ ነበር፤ አንዱን በደል በሌላው ሸፈነ። ነቢዩ ናታን መጥቶ በዘለፈው ጊዜ ግን፥ ዝም ሊያሰኘው ሥልጣን ሳለው፥ በደሉን አመነ። መመለሱ ያለ ዋጋ አልሆነለትም፤ ልጁ ሞተበት፥ በቤቱም መከራ ሆነ። ናታን ግን ከንጉሡ ፊት በሕይወት ወጣ።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ዛሬ ማታ መብራትህን ሳታጠፋ ልብስህን ተመልከት። ማፈር ካለብህ እፈር፤ መመለስ ያለብህ ገንዘብ ካለ መልስ፤ የፋቅኸውንም ቀን ተናገር። የአንተ ተላላኪ ምናልባት ገና አልተከሰሰም።