የበደለኛው ዕዳ በተበዳይዋ ላይ

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 የአባቶችን በደል በልጆች ላይ የሚቆጥረው የእስራኤል ምሳሌ ዳግመኛ እንዳይነገር ከልክሏል፤ ሰው የሚጠየቀው በራሱ ሥራ ነውና። በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት ስለደረሰባቸው እናቶች የሚጻፈው ጥናት ግን ብዙ ጊዜ ይህንኑ ምሳሌ በቁጥር ቋንቋ ይመልሰዋል። እንዲያውም ይብሳል፤ ዕዳው የሚጫነው በደሉን በፈጸመው ሳይሆን በተፈጸመባት ላይ ነው።

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ካውፍማንና ዚግለር እ.ኤ.አ. በ1987 የቀደሙትን ጥናቶች መርምረው፣ በልጅነታቸው ከተበደሉ ወላጆች መካከል ልጃቸውን የሚበድሉት 30 በመቶ ገደማ እንደሆኑ ገመቱ። ከሌላው ወላጅ ሲነጻጸር ከፍ ያለ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የቀሩት፣ ያውም የሚበዙት፣ በደሉን አልደገሙትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመራማሪዋ የካቲ ዊዶም ቡድን ያወጣው ጥናት ደግሞ ሁለቱንም ገጽ አሳየ፤ የተበደሉ ወላጆች ልጆች ለቸልተኝነትና ለወሲባዊ ጥቃት ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ፤ ሆኖም ልጅ መበደሉ ከታወቀባቸው ወላጆች መካከል፣ ራሳቸው በልጅነታቸው የተበደሉት ለሕፃናት ጥበቃ ይበልጥ ይጠቆሙ ነበር። ዓይን ያረፈበት ቤት ጥፋቱ ቶሎ ይታያል። በልጅነቷ የተጠቃች፣ ልጇን ስታጥብ ወይም ዳይፐር ስትቀይር «አነካኬ ልክ ነው?» እያለች የምትጨነቅ እናት በጥናቱ መጠይቅ ላይ የጭንቀት ነጥብ ይያዝባታል፤ እኔ ግን ከዚያ ፍርሃት ውስጥ ልጇን ላለመጉዳት የነቃ ኅሊና አያለሁ።

«የሕፃኑ ደኅንነት ከእናቲቱ ክብር ይቀድማል፤ አደጋ ካለ መጠርጠር ግድ ነው» የሚል ሰው የሚናገረው ከልጅ አሳቢነት ነው፤ መልስም ይገባዋል። ተመራማሪው ኤግላንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 በሚኒሶታ እንዳገኙት፣ በደሉን ያልደገሙት እናቶች በልጅነታቸው የሚደግፋቸው ሰው፣ ወይም የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ወይም የተረጋጋ ትዳር ከደገሙት ይልቅ በብዛት አግኝተው ነበር። ሁሉም ከሌላ ሰው የሚገኙ ናቸው። ታሪኬን ብናገር ልጄን ይወስዱብኛል ብላ የምትሰጋ እናት ደግሞ እርዳታ አትጠይቅም፤ ዝም ትላለች። እንግዲያስ ጥርጣሬው ሕፃኑን የሚጠብቀውን የእርዳታ በር ይዘጋበታል። ይህን ስል እናቶቹን ሁሉ ጀግና እናድርጋቸው ማለቴ አይደለም፤ ውዳሴም ሸክም ይሆናል፣ የደከመችውን ያሳፍራታል። የምጠይቀው ተመራማሪው የመጠይቁን አቅጣጫ እንዲያዞር ነው፦ ስትናገር ማን አመናት? ስትወልድ ማን አብሯት ነበር? በደሉን የፈጸመውስ ሰው ተጠይቋል?