ቢኖረኝና ሲኖረኝ

በአንዲት ደጋ ከተማ አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። ከተማዋ ብርዳም ናት፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከቆመው ተማሪ ሁሉ አፍ እንፋሎት ይወጣል። መምህርቷ ሥራዋን አክባሪ ነበረች። አታረፍድም፣ አትቀርም፣ የ60 ተማሪ ደብተር በፌስታል ተሸክማ ቤቷ እየወሰደች ታርማለች። የምታርመው በቀይ እስክሪብቶ ነው። ተማሪዎቹ ያንን እስክሪብቶ ይፈሩታል፣ ያከብሩታልም፤ ለሀብታም ልጅ አያዳላም፣ ለድኻ ልጅም አይራራም።

አንድ ማክሰኞ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎቿ «ታይፕ ቱ» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው አስተማረች። ነገሩ እንዲህ ነው። የሌለህንና የማይሆነውን ስትመኝ «ኢፍ» ብለህ ትጀምራለህ፤ «ክንፍ ቢኖረኝ እበር ነበር» እንደማለት። ቀኑ ሲደርስ የሚሆነውን ስትናገር ግን «ዌን» ትላለህ፤ «ደመወዝ ስቀበል ጫማ እገዛለሁ» እንደማለት። በእኛ ቋንቋ ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው፤ ቢኖረኝ፣ ሲኖረኝ። «ቢ» ምኞት ናት፣ «ሲ» ቀጠሮ ናት።

ትምህርቱ እንዳይደርቅባቸው ብላ ደስ የሚል የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። «የምትወዱትን ልዕለ ጀግና ጻፉ። ከዚያ ልዩ ኃይል ቢኖራችሁ ምን ታደርጉ እንደነበር ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል» አለች። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። ከወንዶቹ ብዙዎቹ ስፓይደርማን የተሳለበት ቦርሳ ነው ያዘሉት።

ደወሉ እስኪደወል ጥቂት ደቂቃ ስለተረፋት የሱፐርማንን አመጣጥ ነገረቻቸው። ሁለት ልጆች ነበሩ፣ የስደተኛ አይሁዳውያን ልጆች፣ ክሊቭላንድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ። አንዱ ጄሪ ሲገል፣ ሌላው ጆ ሹስተር ይባላል። የሚተዋወቁት ከትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪ ሳሉ በትምህርት ቤታቸው ጋዜጣ ላይ ይሠሩ ነበር፣ አንዱ እየጻፈ፣ ሌላው እየሳለ። የጸሐፊው አባት ልብስ ሻጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ሌቦች ሱቁ ገብተውበት እዚያው ወድቆ ሞተ። ሠዓሊው ደግሞ ዓይኑ ደካማ ነበር፤ ወፍራም መነጽር ያደርጋል። እነዚህ ሁለት ልጆች ጥይት የማይበሳው፣ ሌባ የማያመልጠው ሰው ፈጠሩ፤ ተራ ሰው መስሎ ከተማ ውስጥ ሲሄድ መነጽር አደረጉለት። ሱፐርማን ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ልጆቹ ከነመብቱ የሸጡት በ130 ዶላር ነበር።

ተማሪዎቹ የገረማቸው የ130 ዶላሩ ነገር ነው። ደወሉ ተደወለ፣ ሮጠው ወጡ። መምህርቷም ጠመኔዋን አራግፋ ወጣች። አባቱን የተነጠቀው ልጅ ጥይት የማይነካው ሰው እንደፈጠረ በገዛ አፏ ተናግራለች፤ የተናገረችውን ግን ራሷ አልሰማችውም።

ዓርብ ማታ ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ማረም ጀመረች። ስፓይደርማንን የጻፉት 19 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ሰባቱ ስህተታቸው ሳይቀር አንድ ዓይነት ስለሆነ ማን ከማን እንደኮረጀ በቀላሉ ታወቀ። ብላክ ፓንተርን የጻፉ ነበሩ። አንዷ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና፣ ጀምበርን ጻፈች። አንድ ልጅ ደግሞ ስንዝሮን ጻፈ፤ አያቱ የነገረችውን፣ ቁመቱ ስንዝር ብልሃቱ ክንድ የሆነውን። ኃይሉን በተመለከተ ሁሉም እንደየምኞቱ ነው፤ መብረር፣ መሰወር፣ እንደ መብረቅ መሮጥ። የክፍሉ አንደኛ ልጅ አንድም ቃል ሳይሳሳት ከዋክብት ድረስ በረረ። አሥር ከአሥር ተሰጠው።

ከዚያ የአንዲት ልጅ ደብተር መጣ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ እጇን የማታወጣ ልጅ ናት። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«የእኔ ልዕለ ጀግና የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ያለችው ሴት ናት። ካርቶን ታያለች፣ ታውቃለች። ኃይል ሲኖረኝ የእናቴን መድኃኒት ወረቀት አነባለሁ። ካርቶኑ ላይ 1×3 ይላል። እናቴ አየች፣ ሦስቱን አንዴ ዋጠች። ሌሊቱን ሙሉ አስመለሳት። እኔም አይቼው ነበር፣ እኔም አላወቅኩም። ኃይል ሲኖረኝ እንደዚያ ያለ ሌሊት አይመጣም። ኃይል ሲኖረኝ የጎረቤትም አነባለሁ። ኃይል ሲኖረኝ ማንም አይሳሳትም።»

ከመድኃኒት ቤት የገዛ ሰው የካርቶኑን ጽሑፍ ያውቀዋል። 1×3 ማለት አንድ አንድ ኪኒን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ለሚያውቀው ግልጽ ነው። ለማያውቀው ግን አንዴ ሦስት ተብሎም ይነበባል። ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈችው ስስ ወረቀት ሁሉን ነገር ታስረዳለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ከጤፍ በማይበልጥ ፊደል።

ቀዩ እስክሪብቶ ሥራውን ሠራ። አራቱንም «ዌን» ከብቦ በላያቸው «ኢፍ» ጻፈ። ከግርጌ ደግሞ «ርዕሱን አልጠበቅሽም፤ የተጠየቅሽው ስለ ልዕለ ጀግና ነው» የሚል ጨመረ። አራት ከአሥር።

መምህርቷን የምወቅሳት እንዳይመስላችሁ። 60 ደብተር ያረመ ሰው ያውቀዋል፤ ከአርባኛው በኋላ ዓይን የሚያየው ስህተትን ብቻ ነው። ደግሞም በሰዋስው መጽሐፉ ሕግ ትክክል ናት። የምኞት አረፍተ ነገር በ«ኢፍ» ነው።

ሰኞ ደብተሮቹ ተመለሱ። የዕረፍት ደወል ተደውሎ ክፍሉ ባዶ ሲቀር ልጅቷ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ጠይቂ።»

«አራቱንም ‹ኢፍ› ነው ብለው አርመውልኛል።»

«አዎ። ‹ታይፕ ቱ› ነው እኮ። የማይሆን ነገር በ‹ኢፍ› ነው የሚባለው።»

ልጅቷ ወደ ደብተሯ አቀረቀረች። ቀይ ክቦቹን በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻቸው።

«ይሄ ግን የሚሆን ነው» አለች፣ ድምጿ ለመሰማት ያህል ብቻ ወጥቶ። «እርስዎ እያስተማሩኝ አይደል እንዴ?»

መምህርቷ መልስ አልነበራትም። በዚያ ክፍል ለ11 ዓመት አስተምራለች፤ የምትሰጠውን ነገር ኃይል ብሎ የጠራላት ሰው አልነበረም። ለፈተና የሚሸመደድ፣ ከፈተና በኋላ የሚረሳ ነገር እንደምትሰጥ ከለመደች ቆይታለች። ልጅቷ ግን መብረርን አልተመኘችም፤ መሰወርንም አልተመኘችም። ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ይወርድልኛል ብላ የምትጠብቀው ነገር ነበራት፤ ቀጠሮም ይዛለታለች፣ በ«ሲ»።

«ደብተርሽን ተይልኝ» አለቻት። «የሌሎቹንም ሰብስቢልኝ።»

በዚያ ምሽት መምህርቷ 60ውን ደብተር እንደገና አነበበች፤ እስክሪብቶ ሳትይዝ። የሚሰወር ልጅ መሆን የፈለገው፣ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ሲያነብ ስለሚንተባተብ የሚሳቅበት ልጅ ነው። እንደ መብረቅ መሮጥ የፈለገችው ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ማዶ በእግሯ የምትመጣው ናት። ስፓይደርማንን ከጻፉት 19 አንዱ፣ ከማንም ያልኮረጀው፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር አስቀምጦት ነበር፤ «እሱንም እንደ እኔ አክስቱ ናት ያሳደገችው» ይላል። ስፓይደርማን እ.ኤ.አ. በ1962 ሲፈጠር እውነትም ወላጆቹን ያጣ፣ አጎቱና አክስቱ ያሳደጉት ተማሪ ነው። ዓርብ ማታ እዚያ መስመር ላይ ያየችው አንድ የጎደለ «ኤስ» ነበር። ያንን አክላ አልፋዋለች።

የክሊቭላንዱ ልጅ አባት ያን ጊዜ ትዝ አላት።

በማግስቱ ክፍል ገብታ «ነገ እቤታችሁ ያለ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነገር ይዛችሁ ኑ» አለች። «ባዶ ካርቶን፣ ወረቀት፣ ከረጢት፣ ያገኛችሁትን። መጽሐፍ አይደለም።» ተማሪዎቹ ተያዩ።

ረቡዕ ዕለት ጠረጴዛዎቹ ገበያ መሰሉ። የመድኃኒት ካርቶን፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ የስልክ ቻርጀር ካርቶን፣ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ፣ የባትሪ መጠቅለያ። ሁሉም የቤታቸው ዕቃ ነው፤ ዘወትር ያዩታል፣ አንብበውት ግን አያውቁም። «ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ» የሚለው በየካርቶኑ ላይ ሲገኝ ሳቁ፤ አንዷ ታናሽ ወንድሟ መጫወቻ ያደረገውን ካርቶን ነበር ይዛ የመጣችው።

ያቺ ልጅና የክፍሉ አንደኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተመደቡ። ልጅቷ ያመጣችው የጉንፋን መድኃኒት ካርቶን ነው። ልጁ ስስ ወረቀቷን ዘርግቶ እንደ ውሃ ወረደው። አንድ ቃል ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ድራውዚነስ» ብሎ በትክክል አነበበው። «ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም።»

«የት ቦታ ላይ ነው የተጻፈው?» አለችው።

«ሊያስከትል ይችላል ከሚለው ቀጥሎ።»

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። «እማዬ ይሄን ኪኒን ስትወስድ እሳት አጠገብ ተቀምጣ ያንቀላፋታል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ስሜት መሆን አለበት።»

መዝገበ ቃላቱን ገለጡት። እሱው ነው። ከዋክብት ድረስ የበረረው ልጅ ቃሉን ከነፍቺው ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ሲጽፍም የእሷን እናት እያሰበ ነበር፤ «ሲያንቀላፋት እሳቱ ራቅ ይበል» አላት።

ስንዝሮን የጻፈው ልጅ ይዞ የመጣው አንድ የተላጠ ወረቀት ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ የነበረ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ የራስ ቅል የተሳለበት። መምህርቷ በጨርቅ ይዛ ዘርግታለት ቃል በቃል እየቆጠረ አነበበ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። «ባዶውን ዕቃ ለምግብም ሆነ ለመጠጥ ዳግም አትጠቀሙበት» ይላል።

«ጠርሙሱስ የት አለ?» አለችው መምህርቷ።

«ቤት ነው። ታጥቦ ጠላ ይቀዳበታል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህርቷ ሰዓቷን አላየችም፣ ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድም አልጠየቀች። «እጅህን በሳሙና ታጠብና ሩጥ» አለችው። ሮጠ። ከመስኮቱ ሲያዩት የትምህርት ቤቱን በር አልፎ ቁልቁል እየወረደ ነበር።

እዚህ ላይ የሚሰማኝን መናገር አለብኝ። በአገራችን ልጅ ቢዘገይ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስለ ለንደን ዝናብና ስለማያውቀው ሰው ጉብኝት እየሸመደደ ያድጋል። የእናቱን ካርቶን ግን አናስነብበውም። የቤቱን አደጋ ማንበብ ሳይችል 12ኛን የጨረሰ ልጅ ስንት ነው? ይህ ያሳዝነኛል፤ ካርቶኑም ልጁም አንድ ቤት ውስጥ እያሉ ነውና። በልዕለ ጀግናም ቅር የሚለኝ ሰው አይደለሁም። ልጅ ይብረር፣ ይሰወር፣ ድር ይትፋ። ግን ለምን መብረር እንደፈለገ የሚጠይቀው አንድ ሰው ይኑረው።

ሐሙስ ደብተሮቹ ተመለሱ። የማንም ነጥብ አልቀነሰም። ከየገጹ ግርጌ አንድ ጥያቄ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ነበር። የሚንተባተበው ልጅ ደብተር ላይ «ብቻችንን ሆነን እየተለማመድክ ብታነብልኝ?» ይላል። አክስቱ ላሳደገችው «ስለ አክስትህ ሌላ ገጽ ጻፍልኝ» ይላል። የልጅቷ ደብተር ላይ አራቱ «ኢፍ» ተሰርዘው አራቱ «ዌን» ተመልሰዋል፤ ከጎናቸው መምህርቷ ፊርማዋን አኑራለች፣ ሰው ስህተቱን ሲያርም እንደሚፈርመው።

አሁን ልጅቷ 9ኛ ክፍል ናት። እቤታቸው መደርደሪያ ላይ ያለ ካርቶን ሁሉ በእሷ እጅ በአማርኛ ተጽፎበታል፤ ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቶች መድኃኒታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታነብላቸዋለች። ያላወቀችው ቃል ሲያጋጥማት አትገምትም፤ «ይቺን አላወቅኳትም፣ መድኃኒት ቤት ጠይቁ» ብላ ካርቶኑን ትመልስላቸዋለች።