የአያት ስም

አያት የሚለው የአማርኛ ቃል ጾታ አይለይም፤ የአባትም ሆነ የእናት ወላጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በዚሁ አንድ ቃል ይጠራል። ይሁንና የትምህርት ቤት መዝገብ ወይም መታወቂያ «የአያት ስም» ብሎ ሲጠይቅ የአባቱን እናት ስም የሚያስመዘግብ አይገኝም። ቃሉ የሁለቱ ሲሆን ቦታውን የያዘው አንደኛው ነው። ሌላዋን ለመጥቀስ «ሴት አያት» ማለት ግድ ይሆናል።

እንግሊዝኛው ለሴት አያት ከመደበኛው ቃል ሌላ «ግራኒ» የሚል የቁልምጫ መጠሪያ አለው። አማርኛም በቁልምጫ አይታማም። በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ባሏ የሞተባት አሮጊት ቆብ ስትደፋ እማሆይ ትባላለች። በእጇ ያደገ የልጅ ልጅም እናቱን በስሟ እየጠራ አያቱን እምዬ ይላታል። (ዳግማዊ ምኒልክም እምዬ መባላቸውን ላስታወሰ፣ ቃሉ የጾታን አጥር እንኳ የሚሻገር ነው።) በአዲስ አበባ ደግሞ እማማ የሚለው ለማንኛዋም መንገደኛ አሮጊት ይበቃል።

ለመሆኑ እነዚህ ቃላት ያከብራሉ ወይስ ይሸፍናሉ? የታላቅን ስም አለመድፈር የአገሩ ጨዋነት ነው። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በስሟ ሳትጠራ የኖረች ሴት፣ በሞተች ማግስት ስሟን የሚያውቅ የልጅ ልጅ ብታጣ የሚያስገርም አይሆንም።

በርስት ዘመን ነገሩ ሌላ ነበር። በቀድሞው በጌምድር ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቆጠር ስለ ነበር፣ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው የትውልድ ሐረጉን እስከ መጀመሪያው ባለርስት ድረስ ሳያዛንፍ መዘርዘር ነበረበት። ሐረጉ በሴት በኩል ሲያልፍ የእርሷን ስም የሳተ ተሟጋች መብቱን ማስረዳት ይሳነዋል። ዕድሜዋን በጓዳ የፈጀችው አሮጊት ስሟ በዳኛ ፊት የሚነሣው እንዲህ ነበር። ይህ ፍቅር ነበር ማለት ግን ያስቸግራል፤ ስሟን ያስጠናው መሬቱ ነው፤ በስሟ ተሟግቶ የሚያርሰውም ወንዱ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ፣ ዘር ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ቀረ። ወንድምን ከወንድም ሲያካስስ ለኖረ ሙግት የሚታዘንለት አይደለም። ከሙግቱ ጋር ግን የአሮጊቷም ስም ከአፍ ወረደ። በክልሉ ከ1990ዎቹ ወዲህ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሚስት ስም ከባሏ ስም ጋር መስፈሩ ለቁመናዋ ትልቅ ነገር ነው። ደብተሩ ግን ያለችውን እንጂ ያለፈችውን አይቆጥርም።

ያለፈችውን አሁንም የሚፈልጋት ጋብቻ ነው። ሰባት ቤት ሲቆጠር የእናትም ወገን ይቆጠራልና፣ ሽማግሌዎች ወጣቱን አስቀምጠው ይጠይቁታል። የአባቱን አባት፣ የእርሱንም አባት በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝራል። ከእናቱ እናት ሲደርስ «እምዬ» ይላል። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ግን ስሟን ነው።