የባሕር ሕልምና የቤት ዕዳ

ሰው የዓለምን ካርታ በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ብቻውን ውቅያኖስ ሲያቋርጥ ቢያልም ማንን ይበድላል? ማንንም አይበድልም። ቀኑን በደብዳቤና በመዝገብ መካከል ለሚያሳልፍ ሰው እንዲህ ያለው ሕልም ዕረፍት ነው፤ እኔም ባሕርን በዓይኔ ከማየቴ አስቀድሞ በካርታ ላይ ብዙ ተጉዤበታለሁ። ጥያቄ የሚነሣው ሕልሙ ከካርታው ወርዶ ቤትንና የሰውን እምነት መያዣ አድርጎ የጠየቀ እንደ ሆነ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ጆሽዋ ስሎከም የተባለ ሰው «ስፕሬይ» በተባለች ጀልባ ብቻውን ከቦስተን ተነሥቶ፣ በ1898 ዓለምን ዞሮ ተመለሰ። እርሱ ግን በባሕር ላይ ያረጀ የመርከብ አዛዥ ነበር፤ ጀልባዋንም በገዛ እጁ ነበር ያደሳት። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ብዙዎች የተመኙት መመለሱን እንጂ የተማረበትን ዘመን አልነበረም።

በ1968 አንድ የለንደን ጋዜጣ ወደብ ሳይነካ ብቻውን ዓለምን ለሚዞር ሰው ሽልማት አዘጋጀ። ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ፤ ጉዞውን የፈጸመው ግን በ312 ቀን የተመለሰው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ብቻ ነው። ከዘጠኙ አንዱ ዶናልድ ክሮኸርስት፣ የሬዲዮ መሣሪያ ሠሪና የአራት ልጆች አባት ነበር። ጉዞው ቢሰናከል ጀልባዋን ካሠራለት ባለ ገንዘብ መልሶ ሊገዛ ተዋውሎ፣ ቤቱንና ድርጅቱን በመያዣ ሰጠ። ለመነሣት በተፈቀደው በመጨረሻው ቀን፣ ኦክቶበር 31፣ ዝግጅቷ ባልተሟላ ጀልባ ወጣ። በዋዜማው ሌሊት ጀልባዋ ለጉዞ እንደማትበቃ ለሚስቱ ነግሮ ማልቀሱ ተጽፏል።

ጀልባዋ ውሃ ማስገባት በጀመረች ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረው፤ በዚያች ጀልባ ወደ ደቡብ ባሕር መግባት ሞት፣ መመለስም ውርደትና ዕዳ ነበር። እርሱ ሦስተኛ መንገድ አበጀ። በአትላንቲክ ላይ እየተንከራተተ፣ ሩቅ የደረሰ አስመስሎ በሬዲዮ የሐሰት ወሬ ይልክ ጀመር። ሐሰቱም በእርሱ ብቻ አልቀረም፤ ናይጄል ቴትሊ የተባለው ተወዳዳሪ ክሮኸርስት ደረሰብኝ ብሎ ጀልባውን ከአቅሟ በላይ ቢያስሮጣት፣ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው ተሰባበረች። እርሱን መርከብ አዳነው። እንግዲህ አሸናፊ ሆኖ ቢመለስ መዝገቡ የሚመረመርበት ክሮኸርስት ነበር። ጀልባው በጁላይ 1969 ሰው አልባ ሆና ተገኘች፤ እርሱ ግን አልተገኘም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሕልሙን ይወቅሳል። እኔ አልወቅሰውም። በርናር ሞይቴሲየ የተባለው ፈረንሳዊም በዚያው ውድድር ድል ሊደርስበት ሲችል ተወውና እስከ ታሂቲ ተጓዘ፤ እርሱም በአገሩ የምትጠብቀው ሚስት ነበረችው። ልዩነቱ ሞይቴሲየ የሚያደርገውን ለዓለም በግልጥ መናገሩ ነው። ስለ ሚስቱ የሚያስብ ሰው ግን ይህንም በቀላሉ አያመሰግነውም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ያቺ የዋዜማ ሌሊት ናት። ያለቀሰው ሰው «ቅር» የሚለው ቢያገኝ ይቀር ነበርን? ወይስ ሚስቱ ብትከለክለው ዕድሜውን ሙሉ ይወቅሳት ነበር? ሰው በገዛ አፉ ሊለው ያልደፈረውን «አልችልም» የሚወደው ሰው እንዲልለት መጠበቁ ተገቢ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ስንቶቻችን እንዲህ እናደርጋለን!

ኖክስ ጆንስተን የተሸለመውን 5000 ፓውንድ ለክሮኸርስት ቤተ ሰብ ሰጠ።