ጥላው የማን ነው?

ሰው ለዘመዱ መልካም ቢያደርግ የደም ፍቅር ነው፤ ለሚከፍለው ቢያደርግ ንግድ ነው፤ ስሙን ለማያውቀውና ምንም ለማይመልስለት መንገደኛ ቢያደርግ ግን በጎነት ይባላል። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ትንሽ መስሎ ቢታይም ከዚህ ከበጎነት ሥር የሚበቅል ነው። ይኸውም አንዲት ከተማ በገበያ ጎዳናዋ ላይ ዛፍ የመትከል ግዴታ አለባትን? ቢኖርባትስ የዛፉ ጥላ የማን ነው? የሚል ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን በደጋ ሆነን ብናነሣው ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ሊመስለን ይችላል። ስለዚህ ወደ ቆላ እንውረድና በመተማ በኩል ያለችውን ሽንፋን እናስብ። በዚያ አገር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። የቆርቆሮው ጣራ፣ ድንጋዩና አሸዋው ቀን የጠጡትን እሳት ማታ መልሰው ይተፉታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ባለሱቁ በረንዳ አለው፤ መብራት ሲኖርም ማራገቢያ አለው። ጉልት የምትቸረችረው እናት ግን ያላት አንድ ጃንጥላ ወይም አንድ ጨርቅ ነው። ሰሊጥ ሊያጭድ በጥቅምትና በኅዳር ከደጋ የሚወርደው፣ በቆላው አነጋገር ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛማ ራሱን የሚያስጠጋበት የራሱ ግድግዳ እንኳ የለውም። ስለዚህ በቆላ ገበያ ላይ ጥላ ጌጥ ሳይሆን እንደ ውሃ ያለ ነገር ነው፤ ባለጸጋው በገንዘቡ ይገዛዋል፤ ድኻው ግን ከተማው ካልሰጠው በቀር ከየትም አያገኘውም።

ግዴታ ስንል እንዲያው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ዕዳም አለ። የመተማና የአካባቢው ቆላ የእጣን ዛፍ፣ የግራርና የሌላም የበረሃ ዛፍ አገር ነበር። ዛሬ በብዙ ስፍራ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚዘራበት እርሻ ያ ደን እየተመነጠረ የተገኘ ነው። እርሻው ለብዙ ሰው እንጀራ ለአገርም የውጭ ምንዛሪ ስላስገኘ እርሱን መንቀፍ አሳባችን አይደለም። ነገር ግን የገበያ ከተሞች የሚነግዱት በደኑ ፋንታ በበቀለው እህል ከሆነ፣ ከትርፋቸው ጥቂቱን በዛፍ መልሰው ቢከፍሉ ይህ ልግስና ሳይሆን ፍትሕ ነው ልንለው ይገባናል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣ የጤና ጣቢያና የንጹሕ ውሃ ችግር ያለበት ከተማ ስለ ዛፍ ማውራቱ ቅንጦት ነው ይሉናል። ተቃውሞው ክብደት ስላለው በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም። ሆኖም የዛፍን ሥራ በሚገባ ብንመረምር መልሱ ይገኛል። ቅጠል የፀሐይን ጨረር ከመሬት በፊት ይቀበላል፤ ሥር የሳበውንም ውሃ በተን አድርጎ አየሩን ያቀዘቅዛል። ከመንገድ የሚነሣውን ትቢያ በመጠኑ ይይዛል። ስለዚህ ዛፍ ያለበት ጎዳና ሕመም ከመምጣቱ በፊት የሚከላከል፣ በር የሌለው የጤና ጣቢያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ባለሱቁም ቢሆን አይጎዳም። ዛፉ የሱቄን ስም ይሸፍንብኛል፤ ቅጠሉም ደጄን ያቆሽሻል ብሎ የሚሠጋ ነጋዴ አይታጣም። ነገር ግን በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነችው ካትሊን ዎልፍ ገበያተኞችን ጠይቃ እንዳገኘችው፣ ሰዎች ዛፍ ባለበት የንግድ ጎዳና ላይ ለአንድ ዓይነት ዕቃ በትንንሽ ከተሞች 9 ከመቶ፣ በትልልቆቹ ደግሞ 12 ከመቶ ያህል ጨምረው ለመክፈል ፈቃደኞች ናቸው። የአሜሪካ ገበያ የሽንፋ ገበያ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፀሐይ የሚያባርረው ገዢ ዋጋ ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ጥላ ያቆመው ግን ዕቃ ያገላብጣል፤ ቡና ይጠጣል፤ ከባለሱቁም ጋር ይተዋወቃል።

እንግዲህ ዋናው ችግር ዛፉ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ሳይሆን፣ ማን ያጠጣዋል? የሚለው ነው። በዚያ ቆላ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጋው ረጅም ነው፤ የሽንፋ ወንዝም ፍሰቱን አቋርጦ በየስፍራው ኩሬ ብቻ ያስቀራል። በ2016 ዓ.ም. የታተመ የአርኪዎሎጂ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች በድርቁ ወራት ከእነዚያ ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ክፉውን ዘመን አልፈውታል። በጋን የሚያሸንፈው በጋን አስቀድሞ ያሰበ ሰው መሆኑን ከዚህ እንማራለን። በሐምሌ ዝናብ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በየካቲትና በሚያዝያ ችግኙን በባልዲ ማጠጣትና ከፍየል መጠበቅ ግን የጠባይ ፈተና ነው። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረ ጊዜ አገሪቱ ደስ አላት፤ ደስታው ግን ፍጹም የሚሆነው የተተከለውን ስንቆጥር ሳይሆን የጸደቀውን ስንቆጥር ነው።

ምርጫም ዕውቀት ይሻል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ እንጨት አጥታ ከተማዋ ወደ አዲስ ዓለም ትዛወር እስከ መባል ከተደረሰ በኋላ፣ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ችግሯን አቃሎላታል፤ ነገር ግን ውሃ በብዛት ስለሚጠጣ ለቆላ ጎዳና አይመከርም። በሱዳን ከተሞች የተለመደው ኒም ሙቀትን ችሎ ሰፊ ጥላ ይሰጣል። ከእርሱ ጋር የአገሩን ሁመር፣ ግራርና ዋርካ እንደ ቦታው ስፋት ማቀላቀል የብልህ ሥራ ነው፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተከለ ከተማ አንድ በሽታ ሊያጠፋው ይችላልና።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጥላው የማን ነው? አባቶቻችን በዋርካ ሥር ተቀምጠው ሲዳኙና ሲመክሩ የተከለው ማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ ማንንም ከጥላው አላስነሡም። በደጋ ብዙው ደን ሲመነጠር በየደብሩ ዙሪያ ያለው የተረፈውም፣ ጠባቂ ነኝ የሚል ሕዝብ ስለ ነበረው ነው። ከእነዚህ ሁለት ልማዶች አንድ ሕግ እናወጣለን፤ ጥላው የሁሉ ነው፤ ድካሙ ግን የእያንዳንዱ ነው። ድካሙም የሁሉ ነው ከተባለ የማንም ሳይሆን ይቀርና ዛፉ ይደርቃል። ጥላውም የአንዱ ነው ከተባለ ዛፉ አጥር ይሆናል።

ስለዚህ በየሱቁ ፊት ያለውን ዛፍ ባለሱቁ ያጠጣው፤ በትምህርት ቤት በር ያለውን ተማሪዎች ይጠብቁት፤ ማዘጋጃ ቤቱም ችግኝ ያቅርብ፤ ውሃም ያስመጣ። ነገር ግን ዛፉ አድጎ ጎዳናው ባማረ ጊዜ፣ ውበቱን ታበላሻለች ተብላ ጉልት ሻጯ ከሥሩ የምትነሣ ከሆነ ያ ጎዳና ለምልሞ ሳለ በረሃ ሆነ ማለት ነው። ከተሞቻችን በአዳዲስ መንገድና በአበባ በሚዋቡበት በዚህ ዘመን፣ ሹማምንትና መምህራን ሁሉ ይህን በልባቸው ሊይዙት ይገባል። ዛፍ ራሱ በፀሐይ ቆሞ ሌላውን ያስጠልላል፤ የሕዝብ አገልጋይም ከዚህ የተሻለ አስተማሪ በጎዳና ላይ አያገኝም።